ከእጅ ልማድ ወደ ጥቁር ሰሌዳ
ስስ ብረት ሳይግል የሚታጠፍበት ጥበብ እንዴት ትምህርት ለመሆን እንደ በቃ

ጥበብ ሁሉ ሁለት ዘመን አለው ብንል ከእውነት አንርቅም። የመጀመሪያው ጥበቡ በባለሙያው እጅ ብቻ ተቀምጦ የሚኖርበት ዘመን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥበቡ ተለክቶ፥ ተፈትኖና ተጽፎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማንም ተማሪ ሊገለጽ የሚችልበት ዘመን ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባለሙያው የሞተ እንደ ሆነ ጥበቡ አብሮት ይቀበራል፤ ወይም ለአንድ ልጅና ለአንድ ደቀ መዝሙር ብቻ እየተላለፈ እየጠበበ ይሄዳል። በሁለተኛው ዘመን ግን አንድ ሰው በአንድ አገር የደረሰበትን ሌላው በሌላ አገር አንብቦ ከዚያ ላይ ይቀጥላል። የመምህር ሥራ የቆመው በዚህ በሁለተኛው ዘመን ላይ ስለ ሆነ፥ አንድ ጥበብ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው በምን መንገድ እንደ ተሻገረ መመርመር ለእኛ ከተራ የታሪክ ዕውቀት የበለጠ ጥቅም አለው።

በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ሌሎች ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነትና ስለ ታላላቅ ሊቃውንት ይጽፉ ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ርእስ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ በቦታው ግን ከራሳችን በላይ ያለ ነው። ይኸውም የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻችን ክዳን የሆነው ቆርቆሮ፥ በጠቅላላውም ላሜራ የምንለው ስስ ብረት በእሳት ሳይግል በመዳመጫ እየተጫነ ቅርጽ የሚይዝበት ጥበብ ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሥራው ጠባይ

የአገራችን ቀጥቃጭ ማረሻ ወይም ማጭድ ሲሠራ ብረቱን በከሰል እሳት ውስጥ ከትቶ፥ በወናፍ እየነፋ፥ ፍም እስኪመስል ካጋለው በኋላ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። የጋለ ብረት ልስልስ ስለሚል ለመዶሻው ይታዘዛል። ስስ ላሜራ ግን ይህን መንገድ አይችልም፤ ሲግል ይጣመማል፥ ገጹ ይሻክራል፥ ዝገት እንዲከላከል የተለበጠበትም ዚንክ ይበላሻል። ስለዚህ እንደ ቀዘቀዘ መታጠፍ አለበት።

ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፥ ሲያጥፉት ይታዘዝና ሲለቁት ጥቂት ተመልሶ ይቃናል፤ ስለዚህ 90 ዲግሪ እንዲሆን የተፈለገ ማእዘን ከ90 ዲግሪ ጥቂት አልፎ ካልታጠፈ በቀር የተፈለገውን ያህል ሆኖ አይቀርም። ሁለተኛው፥ በጥቂቱ ሲሳብ ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል፤ ከወሰኑ በላይ የተሳበ እንደ ሆነ ግን በዚያው ረዝሞ ይቀራል። ለተራ የግንባታ ብረት ይህ ወሰን ከመቶ 0.12 ገደማ ነው፤ ይህም ማለት 1 ሜትር የሆነ ብረት ከ1 ሚሊሜትር ከጥቂት በላይ ከተሳበ ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢው በአእምሮው እንዲይዘው እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ይፈለጋልና።

ሥራው የሚከናወነው እንዲህ ነው። ረጅም የላሜራ ጥቅል ከማሽኑ አንድ ጫፍ ይገባል። በፊቱ መዳመጫዎች፥ ማለት ሮለሮች፥ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተርታ ይጠብቁታል። መዳመጫ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ጥጡን ከፍሬው ለመለየት በድንጋይ ላይ የሚያንከባልሉት የብረት ዘንግ ስሙ ይኸው ነው። በማሽኑ ውስጥ የመጀመሪያው ጥንድ የላሜራውን ጫፍ ጥቂት ዲግሪ ያነሣዋል፤ ሁለተኛው ጥቂት ይጨምርበታል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ፤ የመጨረሻው ጥንድ ላይ ሲደርስ ቅርጹ ተፈጽሞ ይወጣል። አንዱ ጥንድ ሁሉን በአንድ ጊዜ ላጥፍ ቢል ላሜራው ይቀደዳል፥ ወይም ጫፉ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ይሸበሸባል፥ ወይም ዕቃው እንደ ቀስት ጐብጦ ይወጣል። በሌላ በኩል ጥንዶቹ ያለ ልክ ቢበዙ፥ እያንዳንዱ መዳመጫ ከጠንካራ ብረት በጥንቃቄ ተቀርጾ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ወጪው የትየለሌ ይሆናል።

እንግዲህ «ስንት ጥንድ ይበቃል? እያንዳንዱስ ስንት ዲግሪ ይጠፍ?» የሚለው ጥያቄ የዚህ ጥበብ ዋና ጥያቄ ነው። ታሪኩም ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ በእጅ ልማድ፥ ኋላም በፈተናና በስሌት እንዴት እንደ ተመለሰ የሚናገር ነው።

የሽብሽቡ መፈልሰፍ

ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የለንደን ወደብ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። በ1829 ዓ.ም. ብረትን በሞገድ መልክ መሸብሸብ ለሚባለው ፈጠራው የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ በወደቡም ውስጥ በሽብሽብ ብረት የተከደነ መጋዘን አሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ውጤቱ ግን ቀላል አልነበረም። ጠፍጣፋ ስስ ብረት ሁለት ጫፉን ብቻ ደግፈው ቢያስቀምጡት በራሱ ክብደት ይጐብጣል። ያው ብረት ሲሸበሸብ ግን ሰው ቢወጣበት ይሸከማል።

ምክንያቱን በስሌት ለማየት ውፍረቱ 0.4 ሚሊሜትር የሆነ ላሜራ እንውሰድ። ከሞገዱ ጫፍ እስከ ሞገዱ ሥር 18 ሚሊሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ብንሸበሽበው፥ በሽብሽቡ ርዝመት አቅጣጫ መጕበጥን የሚቋቋምበት ግትርነት ከጠፍጣፋው ከ3,000 ጊዜ በላይ ይሆናል። ብረት አልተጨመረበትም፤ የነበረው ብረት ከመካከለኛው መሥመር ወደ ላይና ወደ ታች ራቀ እንጂ። መጕበጥን ለመቋቋም እያንዳንዱ የብረት ክፍል የሚያደርገው እርዳታ ከመካከል በራቀበት መጠን ዳግም ርቢ ያድጋል። በሌላው አቅጣጫ፥ ማለት ሽብሽቡን አቋርጦ፥ ግን ይህ ጥቅም የለም፤ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ የሚታሰረውም በዚያው በደካማው በኩል ነው።

የፓልመር ብረት አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይዝግ ነበር። ይህን ጉድለት ያቃለለው ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ነው፤ በ1837 ዓ.ም. ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ አጥልቆ የመለበጥን ዘዴ አስመዘገበ። በ1843 ዓ.ም. የፓልመር የ14 ዓመት መብት ሲያበቃ ማንም ፋብሪካ ሽብሽቡን ለመሥራት ተፈቀደለት። በካሊፎርኒያ በ1849፥ በአውስትራሊያ በ1851 የወርቅ ፍለጋው ሕዝብ ሲጐርፍ፥ ከእንግሊዝ በመርከብ ተጭነው የሚሄዱ የቆርቆሮ ቤቶች በብዛት ተሸጡ። አንዱ ሉሕ በሌላው ላይ ስለሚደረደር ቦታ አይፈጅም፤ ክብደቱም ትንሽ ነው። ለረጅም መንገድ የተፈጠረ ዕቃ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕቃው ሲጓዝ ዕውቀቱ እንደ ቀረ

ይህ ዕቃ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው በመርከብና በባቡር ነው። ናይሮቢ በ1899 ዓ.ም. የባቡር ሠፈር ሆና ስትቈረቈር የመጀመሪያ ቤቶችዋና ሱቆችዋ በብዛት ከቆርቆሮ የተሠሩ ነበሩ። ወደ አገራችንም ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. በሰጡት ፈቃድ መሠረት የተጀመረው የጅቡቲ ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ቀድሞ በበቅሎና በግመል ጀርባ ብቻ ይመጣ የነበረ ረጅምና ከባድ ዕቃ ከዚያ ወዲያ በፉርጎ ተጭኖ መምጣት ቻለ። የሣር ክዳን የነበረው ቤት ቀስ በቀስ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ቆርቆሮ ቤት መሥራትም ከኑሮ መሻሻል ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተቈጠረ።

ሆኖም ባቡሩ ያመጣው ዕቃውን ብቻ ነበረ። ሽብሽቡ እንዴት እንደ ተሠራ፥ ለምን ያንን ያህል ጥልቀት እንዳለው፥ ከዚያ ቢቀጥን ምን እንደሚሆን የሚናገር ዕውቀት ከሉሖቹ ጋር አልተጫነም። ይህ የሆነው ሻጮቹ ሁሉ ምቀኞች ስለ ነበሩ አይደለም። ያን ጊዜ ዕውቀቱ በራሱ አገርም ቢሆን ገና በባለሙያው እጅ ውስጥ ነበረና ነው። ያልተጻፈ ነገር በባቡር አይጫንም።

ሞዴሉ የተናገረው

ስስ ብረትን በፈተና የመረመረው የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ የተደረገው በሌላ ጉዳይ ምክንያት ነው። በ1845 ዓ.ም. ሮበርት ስቲቨንሰን በዌልስ አገር በሜናይ የባሕር ወሽመጥ ላይ የባቡር ድልድይ እንዲሠራ ታዘዘ። ሐሳቡ ከብረት ሉሖች በተበየደ ሳይሆን በሚስማር በተያያዘ ታላቅ ቱቦ ውስጥ ባቡሩ እንዲያልፍ ማድረግ ነበር። ድልድዩ በመዳመጫ የታጠፈ አልነበረም፤ ነገር ግን ከስፋቱ አንጻር ስስ የሆነ ብረት ሲጫኑት ምን እንደሚሆን በታላቅ መጠን የተጠየቀው እዚያ ስለ ሆነ የታሪካችን አንዱ ምዕራፍ ነው። ከድልድዩ ክፍሎች ሁለቱ ዋናዎች እያንዳንዳቸው 460 ጫማ፥ ማለት 140 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበራቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ተሠርቶ ስለማያውቅ የሚጠየቅ ባለሙያ አልነበረም።

ስቲቨንሰን ሁለት ሰዎችን ጠራ። አንዱ ዊልያም ፌርቤርን ነው፤ በልጅነቱ በእጅ ሥራ ተለማምዶ ያደገ፥ ፋብሪካ ያቋቋመ፥ ብረትን በእጁ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሁለተኛው ኢተን ሆጅኪንሰን ነው፤ እርሱ የሒሳብ ሰው ነበር፥ በ1847 ዓ.ም. በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። ፌርቤርን በለንደን በሚልዎል በነበረው የመርከብ መሥሪያ ክብ፥ እንቍላል መሰልና አራት ማእዘን የሆኑ ቱቦዎችን እያሠራ እስኪሰበሩ ድረስ ጫናቸው። ሰው ሁሉ የጠበቀው ብረቱ ከታች በኩል ተቀድዶ ይሰበራል የሚል ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ የተሸነፈው የላይኛው ገጽ ነበረ፤ ሳይቀደድ እንደ ጨርቅ ተጨማድዶ ወደቀ።

ሆጅኪንሰን የዚህን መጨማደድ ምክንያት በስሌት ተከታተለ። ቀጥሎም የታሰበውን ድልድይ አንድ ስድስተኛ የሚያህል፥ 75 ጫማ ርዝመት ያለው ሞዴል ተሠርቶ ተፈተነ። ሲሰበር የተሰበረውን ክፍል እየጠገኑና እያጠነከሩ ደግመው ደጋግመው ጫኑት፤ በመጨረሻም የተሸከመው በመጀመሪያ ከተሸከመው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚህ የተነሣ የድልድዩ የላይኛው ክፍል እንደ ማር እንጀራ በጓዳ በጓዳ ተከፋፍሎ ተሠራ። ድልድዩ በ1850 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1970 ዓ.ም. በእሳት አደጋ እስኪጐዳ ድረስ 120 ዓመት ባቡር አሳልፎአል።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ፌርቤርን ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቱቦዎቹ መጨማደዳቸውን ያያል፥ ለምን እንደ ተጨማደዱ ግን ለሌላ መጠን አስፍቶ ሊያሰላ አይችልም ነበር። ሆጅኪንሰንም ብቻውን ቢሆን ኖሮ የሚያሰላው ነገር አያገኝም ነበር። የሚያሳዝነው ግን ሁለቱን ወገኖች አንድ ያደረገው ሥራ ሳይፈጸም ክብሩ የማን ነው በሚል ክርክር መለያየታቸው ነው፤ ፌርቤርን በ1848 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ፥ በሚቀጥለውም ዓመት የራሱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ። እጅና አእምሮ ሲተባበሩ ምን እንደሚሠሩ፥ ሲለያዩም ምን ያህል መራራ እንደሚሆን በአንድ ድልድይ ላይ ታይቶአል።

የመዳመጫ ቀራጮች ሕግ

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ ታላቅ ለውጥ መጣ። ቀድሞ ሽብሽብ የሚሠራው ሉሑ ጥርስ ባላቸው ሁለት መዳመጫዎች መካከል ሲያልፍ ነበር፤ ሽብሽቡ ከመዳመጫው ጋር ትይዩ ስለሚሆን ርዝመቱ ከመዳመጫው ርዝመት ሊያልፍ አይችልም። በ1920ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ጆን ታይተስ የተባለ መሐንዲስ ባቀደው ፋብሪካ ሰፊ ላሜራ ሳይቋረጥ እየተዳመጠ መውጣት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ረጅም የላሜራ ጥቅል በርካሽ ተገኘ። ጥቅል ከተገኘ ደግሞ ቅርጹን በርዝመቱ አቅጣጫ፥ ከጥንድ ወደ ጥንድ እያሳለፉ ማበጀት ይቻላል፤ የሚወጣውም ዕቃ እንደ ተፈለገው ይረዝማል። የመስኮት ክፈፍ፥ የመኪና አካል ክፍል፥ የጣራ ተሸካሚ፥ ኢጋ የምንለው የጣራ ክዳን ሁሉ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን መዳመጫውን የሚያቅደው ሰው በምን ይመራ ነበር? በልማድ ነበር። ጥሩ መዳመጫ ቀራጭ ቅርጹ ከጥንድ ወደ ጥንድ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በአንድ ወረቀት ላይ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ይሥላል፤ ሥዕሉ የአበባ ቅጠል ሲከፈት ስለሚመስል በሙያው ሰዎች ዘንድ «አበባ» ይባላል። የደረጃዎቹን ብዛት የሚወስነው በቆየ ልምድ ነው። ከልምዱ የወጣ አንድ ሕግ ነበረ፤ የላሜራው ጫፍ ወደ ላይ ሲነሣ የሚሄድበት አቀበት ከአንድ ዲግሪ ተኩል እንዳይበልጥ የሚል ነው። በዚህ ሕግ መሠረት 50 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ክንፍ ጠፍጣፋ ከነበረበት እስኪቆም ድረስ 2 ሜትር ያህል መንገድ ያስፈልገዋል።

ይህ ሕግ ትክክል ነውን? እስቲ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ሒሳብ እንፈትነው። ክንፉ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ጫፉ የክብ ሩብ ይዞራል፤ የዚህ ቅስት ርዝመት 78.5 ሚሊሜትር ነው። የታጠፈበት ሥር ግን ቀጥታ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ጫፉ ከሥሩ የበለጠ መንገድ ይጓዛል፤ የተጓዘውንም በፒታጎረስ ሕግ ማግኘት ይቻላል። ማጠፉ በ500 ሚሊሜትር ውስጥ ቢፈጸም ጫፉ 506.1 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ትርፉ ከመቶ 1.2 ነው። ይህ ቀደም ብለን ከያዝነው ወሰን፥ ከ0.12፥ አሥር ጊዜ ይበልጣል፤ ጫፉ ረዝሞ ይቀራል፥ ዕቃውም ይጣመማል። ማጠፉ በ5,000 ሚሊሜትር ቢፈጸም ትርፉ ከመቶ 0.012 ብቻ ነው፤ ይህም ከወሰኑ አሥር ጊዜ ያንሳል፥ ማሽኑ ግን ከሚገባው በላይ ረዘመ። የቀራጮቹ ሕግ ባዘዘው በ2,000 ሚሊሜትር ቢፈጸምስ? ትርፉ ከመቶ 0.077 ይሆናል። ከወሰኑ በታች ነው፤ ከእርሱም ብዙ አልራቀም።

እነሆ፥ የእጅ ልማዱ ትክክል ነበረ። እነዚያ ባለሙያዎች የመለጠጥን ወሰን በቁጥር ሳያነሡ፥ ብዙ ላሜራ አበላሽተው ወደ እርሱ ደርሰው ነበር። ታዲያ ሕጉ ትክክል ከሆነ ስሌቱ ለምን አስፈለገ? ሕጉ መቼ እንደማይሠራ ራሱ ስለማይናገር ነው። ብረቱ ሲለወጥ፥ ውፍረቱ ሲቀንስ፥ ቅርጹ ሲወሳሰብ ያለምክንያት የተቀበሉት ሕግ ዝም ይላል። ምክንያቱ የታወቀ ሕግ ግን ከአዲሱ ነገር ጋር አብሮ ይለወጣል። ከዚህም ሌላ ከላይ ያደረግነው ስሌት አንድ የዋህ አሳብ ይዞአል፤ ላሜራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል እየታጠፈ የሚሄድ አድርጎ ይቈጥረዋል። በእውነቱ ግን ከአንዱ ጥንድ እስከ ሌላው ባለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታጠፍ ይሄድና ወደ መዳመጫው ሲቃረብ ፈጥኖ ይታጠፋል። ስለዚህ መለካት ያስፈልግ ነበር።

ፈተናና ስሌት ሲገናኙ

ለመለኪያው መንገድ የከፈተው በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ ሁለት ሰዎች፥ ሲመንስና ሩጅ፥ አንዱ ከሌላው ሳይመካከሩ የሠሩት ትንሽ መሣሪያ ነው። ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ በብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ብረቱ ሲለጠጥ ሽቦውም አብሮ ይለጠጣል፥ ኤሌክትሪክን የሚያሳልፍበትም መጠን ይለወጣል። በዚህ ለውጥ ዐይን የማያየውን መለጠጥ መቍጠር ተቻለ። ይህን መሣሪያ በላሜራው ጫፍ አጠገብ ለጥፈው በመዳመጫዎቹ መካከል ሲያሳልፉት ታሪኩን ይጽፋል፤ ወደ ጥንዱ ሲቃረብ መለጠጡ ይጨምራል፥ መዳመጫው ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከፍተኛ ይሆናል፥ ካለፈ በኋላ ይወርዳል። ከወሰኑ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ወደ ነበረበት አይወርድም፤ ትራፊው ከጥንድ ወደ ጥንድ ይጠራቀማል። ዕቃው ጐብጦ ወይም ተጠምዝዞ ሲወጣ ምክንያቱ ይህ የተጠራቀመ ትራፊ ነው።

በዚያው ዘመን የታጠፈው ዕቃ ምን ያህል ይሸከማል የሚለው ጥያቄም መልስ ያገኝ ጀመር። በቪየና የተወለደው ጆርጅ ዊንተር በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የብረት ማኅበሩ በሰጠው ድጋፍ ስስ ቅርጾችን እየጫነ መፈተን ጀመረ። ፌርቤርን ያየው መጨማደድ እዚህም ታየ፤ ዊንተር ግን አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ስስ ገጽ ሲጨማደድ ሁሉም አይወድቅም፤ መካከሉ ይሸሽና ጭነቱን ከእጥፋቱ አጠገብ ያሉት ዳርቻዎች ይሸከሙታል። ይህን አሳብ በ1932 ዓ.ም. ቮን ካርማንና ባልደረቦቹ በስሌት አቅርበውት ነበር፤ ዊንተር ግን በፈተና እያረመ መሐንዲስ ሁሉ ሊሠራበት ወደሚችል ቀመር አደረሰው። በ1946 ዓ.ም. በዚህ ሥራ ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያው የስስ ብረት ግንባታ ደንብ በአሜሪካ ወጣ። ከ1829 እስከ 1946 ስንቈጥር 117 ዓመት ነው። ሰው ሽብሽብ ብረትን ከመቶ ዓመት በላይ ከተጠለለበት በኋላ ነው ምን ያህል እንደሚሸከም በደንብ የጻፈው።

የማጠፉ ሥራ ራሱ በስሌት የተያዘው ደግሞ ኋላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ኪዩቺ የተባለ ሊቅ በሁለት ጥንዶች መካከል ያለውን የላሜራ ገጽ በሒሳብ ቀመር ገልጦ በኮምፒዩተር አሰላ። ብዙ ሊሆኑ ከሚችሉ ቅርጾች መካከል ትክክለኛው ትንሹን ጉልበት የሚፈጀው ነው ብሎ ነበር የመረጠው። በ1984 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ባታቻሪያና ባልደረቦቹ ይህንኑ መርሕ ይዘው አንድ አጭር ቀመር አወጡ። ጥያቄአቸው ላሜራው ወደ መዳመጫው ሲቃረብ መታጠፍ የሚጀምረው ከምን ያህል ርቀት ነው የሚል ነበር።

ቀመሩ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው። የክንፉን ስፋት በ8 አባዛ፤ ደግሞ በሚታጠፍበት ማእዘን፥ በራዲያን በተነገረው፥ አባዛ፤ የተገኘውን ለውፍረቱ 3 እጥፍ አካፍል፤ ዳግም ዘሩን ውሰድ፤ በመጨረሻ በክንፉ ስፋት አባዛው። ለምሳሌ ክንፉ 50 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር፥ ማእዘኑ 10 ዲግሪ ቢሆን ርቀቱ 241 ሚሊሜትር ይሆናል። ጥንዶቹ ከዚህ ይልቅ ተቀራርበው የተተከሉ እንደ ሆነ ላሜራው ለመሸጋገር የሚፈልገውን ቦታ ያጣል ማለት ነው።

በዚህ ቀመር ውስጥ የሚያስደንቀው የሌለው ነገር ነው። የብረቱ ጥንካሬ በውስጡ አይገኝም። ምክንያቱም ሁለት ጉልበቶች ይፎካከራሉ፤ ርቀቱ ሲያጥር ክንፉን ለመለጠጥ የሚወጣው ጉልበት ይበዛል፥ ሲረዝም ደግሞ ለማጠፍ የሚወጣው ይበዛል። ጥንካሬው በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚገባ ይጣፋል፤ የሚቀረው ቅርጽ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ይህን በወረቀት ላይ ብቻ አልተዉትም፤ በማሽን ላይ እየለኩ አስተያዩት። ከዚያ በኋላ የመጡት የኮምፒዩተር ዘዴዎች ላሜራውን ወደ ብዙ ሺሕ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍለው እያንዳንዱን ያሰላሉ፤ ጥንካሬውን፥ ተመልሶ መቃናቱን፥ የመዳመጫውንም ሰበቃ ያስገባሉ። ነገር ግን የቱንም ያህል የረቀቀ ስሌት ቢሆን፥ በእውነተኛ ላሜራ ላይ ከተለጠፈው ትንሽ ሽቦ ጋር እስኪተያይ ድረስ ግምት ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከለንደን ወደብ ተነሥተን በዌልስ፥ በአሜሪካ፥ በጃፓንና በኒው ዚላንድ አልፈን መጣን። አሁን ወደ መማሪያ ክፍላችን እንመለስ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ፋብሪካዎች ከውጭ የመጣ የላሜራ ጥቅል በመዳመጫ እየታጠፈ ቆርቆሮና ኢጋ ሆኖ ይወጣል። በባቡር ሳይጫን የቀረው ዕውቀት አሁን ተጽፎአል፤ ሊነበብ፥ ሊማሩት፥ ሊያስተምሩት ይቻላል። ማሽኑን ገዝቶ ማቆም የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ መዳመጫውን አቅዶ መቅረጽ ግን የትምህርት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ብንቀር ቅርጹ ሊለወጥ በተፈለገ ቁጥር ወደ ውጭ መጻፍ ግድ ይሆንብናል።

ይህን ለመጀመር ታላቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ወረቀት በሁለት መጻሕፍት መካከል ተዘርግቶ ጠመኔ ቢቀመጥበት ይወድቃል፤ ያው ወረቀት እንደ ቆርቆሮ በሽብሽብ ታጥፎ ቢዘረጋ የጠመኔ ሣጥን ይሸከማል። ተማሪው የሽብሽቡን ጥልቀት እየለዋወጠ የሚሸከመውን ቢጽፍ፥ ፓልመር ያየውን ከማየት አልፎ ፌርቤርን እንዳደረገው ፈትኖአል ማለት ነው። ደግሞ አንድ የካርቶን ክንፍ በአንድ ጫፉ ጠፍጣፋ፥ በሌላው ጫፉ ቀጥ ብሎ የቆመ ተደርጎ በጠርዙ ላይ ክር ቢዘረጋና ቢለካ፥ ክሩ ከሥሩ እንደሚረዝም በዐይን ይታያል። ከዚያ በኋላ የፒታጎረስ ሕግ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ተማሪው የሚያየው የሦስት ማእዘን ሥዕል ብቻ አይሆንም፤ ከራሱ በላይ ያለውን ክዳን ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ሁሉ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ይገምት፤ ቀጥሎ ይፈትን፤ ከዚያ ያስላ፤ በመጨረሻም ስሌቱን ከፈተናው ጋር ያስተያይ። ስሌቱን ብቻ ያስተማርነው ልጅ ሆጅኪንሰንን ያለ ቱቦዎቹ፥ ሥራውን ብቻ ያስተማርነው ልጅ ደግሞ ፌርቤርንን ያለ ቀመሩ ይሆናል። የእጅ ሙያ ክፍሉና የሒሳብ ክፍሉ በብዙ ትምህርት ቤቶች በግቢው ሁለት ዳርቻ ተለያይተው ይገኛሉ፤ መምህራኑም ስለ ትምህርታቸው የሚነጋገሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። በግቢው መካከል ያለውን መንገድ የሚያስጠርገው የትምህርት ቤቱ ሹም ነው፤ የሚሄዱበት ግን መምህራኑ ናቸው።

ፓልመር ቆርቆሮውን ፈጠረ፤ ምን ያህል እንደሚሸከም ሳይጻፍ 117 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የጐደለው ብረትም እሳትም አልነበረም፤ በእጅ የታወቀውን ለክቶና ፈትኖ ለሌላው በሚነገር ቃል የሚጽፍ ሰው ነበረ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያወጣው ትምህርት ቤት ነው፤ የትምህርት ቤቱንም ሥራ እንዲሠሩ አደራ የተቀበሉት ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት ናቸው።